በአርባ ሦስት ዓመቴ አንደኛ ክፍል

ነሐሴ 3 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ቀን መቁጠሪያው ክረምት ይላል፤ ነጌሌ ግን አቧራዋን ለብሳ ቁጭ ብላለች። ሥልጠናው ዛሬ ተጀመረ። ከመስከረም ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ ስለሚሰጥ መምህራን በሙሉ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ተሰብስበን ቋንቋውን እንማራለን፤ ቁቤ የሚሉትን አዲሱን የላቲን ፊደልም እንዲሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማርኩ ሴትዮ፣ በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበቴን እየመታኝ ተቀምጬ ዋልኩ።

ከደብረ ብርሃን ተመድቤ እዚህ ከመጣሁ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ የያዝኩት ኦሮምኛ ለገበያ የሚበቃ ነው፤ ስንት ነው፣ ቀንሱ፣ ደህና ዋሉ።

አሠልጣኛችን ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ጃለኔ። እኔው ያስተማርኳት ልጅ። ስታየኝ ከመድረኩ ወርዳ ጉንጬን ሳመችኝና “እትዬ ኮከብ፣ እርስዎ ፊት ቆሜ ማስተማር እንዴት ይሆንልኛል?” አለችኝ። ሳቅሁ። እኔስ አንቺ ፊት ተቀምጬ መማር እንዴት ይሆንልኛል አላልኳትም። መቼም አይከብደኝም። ስድስተኛ ክፍልን ስንት ዓመት ለሚኒስትሪ ፈተና አዘጋጅቼ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ።

ነሐሴ 5

ቸኩያለሁ። ዛሬ አናባቢዎች። አንድ ጊዜ ሲጻፍ አጭር፣ ሁለት ጊዜ ሲጻፍ ረጅም፤ ትርጉሙም ከዚያው ጋር ይለወጣል። ጆሮዬ ልዩነቱን አይለይም። ጃለኔ ደጋግማ አለችልኝ። ፊቴ ጋለ። ወጣቶቹ እንደ ውሃ ይጠጡታል። ነገ በጠዋት ተነስቼ አጠናለሁ።

ነሐሴ 9፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤታችን ፉዚያ ጋ ጎራ አልኩ። ፉዚያ ወተትና ቅቤ ነጋዴ ናት። ፍልሰታ ስለሆነ ወተት አልገዛም፤ ጾሙ ሲፈታ ስንት ሊትር እንደምፈልግ ልነግራት ብቻ ነው የሄድኩት።

ቅቤ በኦሮምኛ ምን ይባላል ብዬ ጠየቅኳት። ነገረችኝ። አልኩላት። እንደዚያ አይደለም አለች። ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ ትንፋሽ ወደ ውስጥ የሚዋጥበት “ዸ” የሚባል ድምፅ አለ፤ እኔ ስለው ተራ “ደ” ሆኖ ይወጣል።

“አንተ ደግሞ ምላስህን ዋጠው፤ ከዚያ ልቀቀው” አለችኝ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ “አንተ” ትለኛለች። በኦሮምኛ ወንድም ሴትም የሚጠሩት በአንድ ቃል ስለሆነ አማርኛ ስትናገር ይምታታባታል። ማንም አርሟት አያውቅም፤ እሷም ግድ ኖሯት አያውቅም። ደንበኛው ሁሉ ከሷ ጋር ማውራት ይወዳል።

ስንስቅ ምሳ ሰዓት አለፈ። ለሊትር ጉዳይ ሄጄ።

ነሐሴ 14፣ ዓርብ

የመጀመሪያው ፈተና። ከመቶ ሃያ ስምንት።

ማምሻውን

ከአዳራሹ እስከ ቤት ድረስ ስህተቶቼን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ መጣሁ። ድንጋይ ራስ። ይሄን የሦስት ዓመት ልጅ የሚለውን። በገዛ ደጅሽ የሚነገረውን።

ጋሽ አክሊል ደግሞ አሥራ ዘጠኝ አገኙ። የሂሳብ መምህር ናቸው፤ እኔ ነጌሌ ስደርስ እሳቸው እዚህ ቆይተው ነበር። ውጤታቸውን ስሰማ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደረቴ ቀለለኝ። ከእኔ በታች ሰው አለ አልኩ። ያ ቅለት የአዳራሹን በር እስክወጣ እንኳ አልቆየልኝም። ከእሳቸው በቀር ሁሉም ከእኔ በላይ ነው።

ባለቤቴ አምሀ ማዘጋጃ ቤት የውሃ ክፍል ነው የሚሠራው። ስገባ ፊቴን አየ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኮከብ መምህርነት ምስክር ወረቀቴን አወረደና በእጁ መዳፍ አቧራውን ጠርጎ ሰጠኝ።

“ጮክ ብለሽ አንብቢው።”

“አምሀ፣ ተወኝ እባክህ።”

“አንብቢ ብዬሻለሁ።”

አነበብኩ። በሥራዋ ላሳየችው የላቀ ውጤት፣ ምናምን።

“አየሽ? ታዲያ አንቺ ከማን ታንሻለሽ? ይሄ ወረቀት ያላት ሴት ሃያ ስምንት ያስደነግጣታል?”

ልቤ ሞቅ አለ። ሻዩ እስኪፈላ ድረስ። ከዚያ ወረቀቱን እንደገና ሳየው ስለ ሌላ ሴትዮ የሚያወራ መሰለኝ። ይቺን ሃያ ስምንት ያመጣችውን አያውቃትም። ቢያውቃት ኖሮ ግድግዳው ላይ አይሰቀልም ነበር።

ያላለፈ ሰው ከክፍል ወጥቶ ንብረት ክፍል ይመደባል እየተባለ ነው። ወንበርና ጠመኔ ስቆጥር ልኖር ነው።

ነሐሴ 17፣ ሰኞ

በእረፍት ሰዓት ሻይ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ሁለቱ ወጣት መምህራን ሲያወሩ ሰማሁ።

“ኮከብስ እንዴት ነች?”

“ኮከብ በቀን አትታይም።”

ተሳሳቁ። ሻዩን ሳልጠጣ ተመለስኩ። አነጋገሩ ግን ጥሩ ነው፤ ስለ ሌላ ሰው ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። አልከፋኝም። ከሰዓት በኋላ ራሴን ስላመመኝ ቀረሁ።

ነሐሴ 20፣ ሐሙስ

ጋሽ አክሊል ሁለት ቀን ቀሩ። ከሥልጠናው ስወጣ ቤታቸው ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው፤ አልጋው ላይ ሻንጣ ተከፍቷል፤ ሸሚዝ እያጠፉ ነው።

“አዋሳ እህቴ ጋ እሄዳለሁ” አሉኝ። “በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ አልሆንም።”

“ማን ሳቀብዎት?”

“ማንም። እኔው ነኝ የምስቅብኝ።”

ሻንጣውን ገፋ አድርጌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። “ጋሽ አክሊል፣ አንድ ልጅ ክፍል ገብቶ ‘ማባዛት በአሥር ቀን አልገባኝምና ልሂድ’ ቢልዎ ሻንጣህን ያዝ ይሉታል?”

“አልልም።”

“ምን ይሉታል?”

“ቀስ በል እለዋለሁ። ና፣ መጀመሪያ የሁለትን ብዜት እንይ እለዋለሁ።”

“እንግዲያስ። የሚያስተምሩበት ቋንቋ ተለውጦብዎታል፤ ይከብዳል። ማንንም ይከብደዋል። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም።”

ሸሚዙን አልጋው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ዓይኔን እያዩ “አንቺስ? ለራስሽ እንዲህ ትያታለሽ?” አሉኝ።

“እንዴታ” አልኩ።

ሻንጣው አልጋ ሥር ተመለሰ። ነገ አብረን ልንሄድ ተቀጣጠርን። እየተመለስኩ ሳለ ያ “እንዴታ” ያልኩት ጆሮዬ ላይ ቀረ። ዛሬ ጠዋት አንድ ቃል ሲጠፋኝ ለራሴ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ለውሻ አይባልም።

ነሐሴ 21

ጃለኔ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አጠገቤ መጥታ ዴስኩ ላይ ተቀመጠች። የምትቆጣኝ መስሎኝ ደብተሬን ዘጋሁ።

“እትዬ ኮከብ፣ አንደኛ ክፍል የገባሁ ቀን ትዝ ይልዎታል?”

ነጌሌ እንደመጣሁ መጀመሪያ የተሰጠኝ አንደኛ ክፍል ነበር። ጃለኔን አስታውሳታለሁ፤ ቀኑን ግን አላስታውስም አልኳት፤ እውነቴን ነው።

“አንድ የአማርኛ ቃል አላውቅም ነበር። ሽንቴ ሲመጣ እንዴት ብዬ ልበል? ዝም ብዬ እዚያው ወንበሬ ላይ ለቀቅኩት። ልጆቹ ሊስቁ ሲሉ እርስዎ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዘው መጥተው ሥሬ ደፉትና ‘ውሃው ፈሰሰብኝ፣ ኑ አብረን እንጥረግ’ አሏቸው። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ነገሩኝ። ያኔ አልገባኝም። ድምፁን ግን ያዝኩት። ሁለተኛ ክፍል ስደርስ ነው ትርጉሙን ያወቅኩት። ‘አይዞሽ፣ ቃሉ ነገ ይመጣል’ ነበር ያሉኝ።”

የዘጋሁትን ደብተር ወደ ራሴ ሳብኩት።

“አሁን ከፊት ቆሜ ሳይዎት ግን” አለች፣ “ስህተት በሠሩ ቁጥር ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል። ራስዎን እየሰደቡ ነው። ያቺን ልጅ ያልሰደቧትን፣ ይቺን ለምን ይሰድቧታል? ሁለቱም ቋንቋ ያልቻሉ ልጆች ናቸው።”

ልጄ የምትሆን ልጅ ናት። ከንፈሬን አየችብኝ። ማፈር ነበረብኝ፤ አላፈርኩም። አለቀስኩ። እሷም ጠመኔ የነካ እጇን እጄ ላይ አደረገች።

ነሐሴ 23፣ እሑድ

ጓሮ ልብስ እያጠብኩ ሞከርኩት። “አይዞሽ ኮከብ” አልኩ። ያስቃል። ሳልጠራ ሠርግ ቤት የገባሁ መሰለኝ። አይዞሽ የሚባለው ለሌላ ሰው ነው። ራስን አይዞሽ ማለት ራስን ማሞካሸት አይሆንም?

እጄ አረፋ ውስጥ እንዳለ አሰብኩበት። አይሆንም። አምሀ “ከማን ታንሻለሽ” ሲለኝ ማመን አለብኝ፤ ካላመንኩት አይሠራም፤ እንዳምነው ደግሞ አንድ የበለጥኩት ሰው መፈለግ አለብኝ። ጋሽ አክሊልን እንደፈለግኩት። “ከብዶሻል፣ አይዞሽ” ግን ማንንም መብለጥ አይፈልግም። ከብዶኛል። እውነት ነው። በቃ።

ፈራሁ ደግሞ። ለዚች ለኮከብ ብራራላት ትሰንፋለች ብዬ። ከምሳ በኋላ ግን ደብተሬን ከፈትኩና ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ቁጭ አልኩ። ስትሰደብ አንድ ሰዓት የማትቀመጥ ሴትዮ።

አምሀ ሰሞኑን የጓሮው አጥር ጥግ ሄዶ ብቻውን ያጉተመትማል። ስጠጋ ዝም ይላል። የሥራ ነገር አስጨንቆት ይሆናል። ወይም ጸሎት ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው።

ነሐሴ 27

ዛሬ ረሳሁት። ሙሉ ቀን ስሰድባት ዋልኩ። እራት ላይ ትዝ ሲለኝ “አንቺ ደንቆሮ፣ መራራት እንኳ አትችዪም” ልላት ስል ሳቄ መጣ። አምሀ ምን ያስቅሻል አለኝ። ነገሩን ለማስረዳት ብሞክርም እንጀራው አነቀኝ።

ነሐሴ 29

ፉዚያ ጋ ሄድኩ። ጾሙ ተፈትቷል፤ ስለዚህ ምክንያት አለኝ። “ዸ” አንድ ጊዜ ወጣችልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ፉዚያ ጣሳውን አስቀምጣ አጨበጨበች፤ ወረፋ የያዙት ሴቶችም አጨበጨቡ። ዋጋ ግን አልቀነሰችልኝም።

ጳጉሜን 2፣ ማክሰኞ

የሙከራ ትምህርት፤ ዛሬ ተራዬ ነበር። ባልደረቦቼ እንደ ተማሪ ተቀምጠዋል። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ አቶ ሶራ ከኋላ ሆነው ይጽፋሉ፤ ሽበታም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። የማን ክፍል የት እንደሚሆን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

ስለ ውሃ ነው ያስተማርኩት። ሰሌዳው ላይ “በበጋ ውሃ የለም” ብዬ በኦሮምኛ ጻፍኩ፤ የጻፍኩ መስሎኝ። አንዱ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ሁሉም።

በጋ በኦሮምኛ “ቦና” ነው፤ “ቦ” ካጠረች። እኔ አናባቢዋን ሁለት ጊዜ ጻፍኳት። ስትረዝም ኩራት ማለት ነው። “በኩራት ውስጥ ውሃ የለም” ብዬ ኖሯል ሰሌዳውን የሞላሁት።

ጆሮዬ ጋለ። እግሬ ወደ በሩ ዞሮ ነበር፤ እውነቱን ልጻፍ፣ አንድ እርምጃም ሄጄ ነበር። በልቤ “አይዞሽ፤ ሰው ፊት መሳሳት ያማል። ማንንም ያመዋል” አልኳት። ማመሙ አልቆመም። እግሬ ግን ቆመ። ወደ እነሱ ዞርኩና “ነ ገርጋራ” አልኩ፤ እርዱኝ ማለት ነው።

ጋሽ አክሊል ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን አወጡ። “አንዷ ትቀነስ” አሉ። የሂሳብ ሰው አይደሉ።

ቀነስኳት። ትምህርቱን ቀጠልኩ። ሌሎች ስህተቶችም ሠራሁ፤ እየጠየቅኩ አረምኩ። በኮከብ በቀን አለመታየት የቀለደው ልጅ ሳይቀር አንድ ቃል ሲጠፋኝ በሹክሹክታ አቀበለኝ። ስጨርስ አቶ ሶራ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ “መምህርት፣ የመጀመሪያውም ዓረፍተ ነገር ስህተት የለበትም” አሉኝ።

ጳጉሜን 3

ለስድስተኛ ክፍል አልበቃሁም።

አቶ ሶራ ቢሮ ጠርተው ቁጭ አደረጉኝ። “ንብረት ክፍል የሚለውን ማን እንዳወራው አላውቅም። መምህር ጠፍቶ ሳለ ማን መምህር ወንበር ያስቆጥራል? አንደኛ ክፍልን ይያዙ። ልጆቹ ቋንቋውን ያውቃሉ፣ ፊደሉን አያውቁም። እርስዎ ማስተማሩን ያውቃሉ፣ ቋንቋው ይጎድልዎታል። ተረዳዱ።” ጋሽ አክሊልም ሂሳባቸው ላይ ይቀጥላሉ።

ስድስተኛ ክፍል ለጃለኔ ተሰጠ። ደስ ብሎኛል።

ደስ ብሎኛል ብዬ ጽፌ መልሼ ሳነበው ውሸት ነው። ከፍቶኛል። አሥር ዓመት የያዝኩት ክፍል ነው። ይክፋኝ። አይዞሽ። ነገ ሄጄ እንኳን ደስ አለሽ እላታለሁ፤ ዛሬ ግን ይክፋኝ።

መስከረም 1 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ጠዋት ፉዚያ ለበዓሉ ወተት ይዛልን መጣች። በሩን የከፈተው አምሀ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያም የኦሮምኛ ሰላምታ አወረደው። እንዴት አደራችሁ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ከብቶቹስ። እኔ ማንኪያ ይዤ ቀረሁ። በመጨረሻ ለአዲስ ዓመት መልካም ምኞቱን ሊገልጽ “ወጋ ሃራ” ማለት ሲገባው “ወጋ ሀሬ” አለ።

ፉዚያ ወተቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሳቋ ትንፋሽ ከለከላት። “የአህያ ዓመት” አለች፣ “አንተ ባልህ የአህያ ዓመት ይሁንልህ ይለኛል።”

አምሀ እስከ ጆሮው ቀላ። ለካ ከነሐሴ ጀምሮ አጥር ጥግ የሚያጉተመትመው ይሄንን ኖሯል። መሥሪያ ቤት ካሉ ዘበኛ እየተማረ።

“ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት።

“ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው። ደግሞ ሳልችል እንዳታዪኝ ፈራሁ።”

እጁን ያዝኩት። ምንም ትልቅ ነገር አልነገርኩትም። አይዞህ አልኩት፤ የአህያም ዓመት ቢሆን ጭነት ይችላል አልኩት። ፉዚያ እዚያው ምሳ በላች። ማታም አልሄደችም።

መስከረም 10፣ ሰኞ

አንደኛ ክፍል።

ስገባ በአንድ ድምፅ “ናጋ ቡልታኒ በርሲስቱ” አሉኝ፤ እንዴት አደሩ መምህርት። የክፍሉ መስኮት የሚሰበር መስሎኝ ነበር። ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ዴስክ ተጨናንቀዋል። ገና ሁለተኛ ዓረፍተ ነገሬ ላይ ተሳሳትኩ። ከፊት ያለው ረድፍ በሙሉ አረመኝ። አመሰገንኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ አደረጉት፤ ጆሯቸውን አቁመው ይጠብቁኛል። ስድስተኛ ክፍል ሳስተምር ማንም እንደዚህ አድምጦኝ አያውቅም።

አንዲት ልጅ ግን አለች፣ ሎኮ የምትባል፤ ግድግዳው ጥግ ትቀመጣለች። አትናገርም። ደብተሯን በክንዷ ትጋርዳለች። ፊደል ስትሳሳት ጣቷን ምራቅ አስነክታ ወረቀቱ እስኪቀደድ ታሻሸዋለች። አውቃታለሁ ይቺን ልጅ። ስሟን ዛሬ ሰማሁ እንጂ።

መስከረም 27

ጊዜ የለኝም። ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ፀጉሬ ጠመኔ ብቻ ነው። ከሂሳብ ክፍል የጋሽ አክሊል ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማል፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያሉ ይቆጥራሉ። ልጆቹ ተከትለው ይጮሃሉ። ሻንጣቸውን ለጃለኔ እንዳዋሷት ሰማሁ፤ ለስብሰባ ያቤሎ ሄዳለች።

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ

ዝናቡ መጣ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ራሴን እንኳ አልሰማም። ጮኽኩ፤ ልጆቹም ጮኹ፤ ማንም ማንንም አልሰማም። ጠመኔዬን አስቀምጬ ፊደሎቹን በአፌ ቅርጽ ብቻ ማሳየት ጀመርኩ። እነሱም አፋቸውን እየከፈቱ መለሱ። እንደ አሣ።

ዞር ስል ሎኮን አየኋት። አፏ ይከፈት ነበር። የአንገቷ ሥር እስኪወጠር ትጮሃለች፤ በዚያ ዝናብ ማን ይሰማኛል ብላ። እኔም አልሰማኋትም። እንዳላየ ሰው ሆኜ ወደ ሌላው ረድፍ ሄድኩ።

ወደ ቤት ስመለስ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩት። መንገዱ ጎርፍ ነው። ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ ዝናቡን ያያል፤ እርስ በርሱ እንኳን ደስ አለህ ይባባላል። ለእኔም አሉኝ። መለስኩላቸው፤ ትክክል ልበል ስህተት አላውቅም፤ ሁሉም ስቀው አሜን አሉ።

ጥቅምት 20

ክፉ ቀን። አንድ አባት ግቢው በር ላይ “ኦሮምኛ የማትችል መምህር ለልጄ ሰጡት” ብሎ ሲናገር ሰማሁ። በኦሮምኛ ነው ያለው። እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። የዛሬ ሦስት ወር ቢሆን አይገባኝም ነበር፤ ይሄም አንድ ነገር ነው።

ሆድ ብሶኝ ወደ ቤት መጣሁ። የድሮዋ ሴትዮ ሰተት ብላ ገባች፤ ድንጋይ ራስ፣ መሳቂያ። አላባረርኳትም፤ ሻይ አፈላሁላት ማለት ይቀለኛል። ሰውየው የተናገረው እውነት ነው። አልችልም። እየቻልኩ ነው። ሁለቱንም ብዬ ነገርኳት።

ቆይቶ ጃለኔ መጣች። ስድስተኛ ክፍል ኋላ ወንበር የሚቀመጡት ልጆች አስቸግረዋት ሥራዬን ልልቀቅ ብላ። ምን እንደማደርጋቸው ነገርኳት። ሁለታችንም ሆድ የባሰንን ቀን በፉዚያ ወተት ሻይ ጨረስነው።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

የወላጆች ስብሰባ ዛሬ ነበር። ስለ አንደኛ ክፍል በኦሮምኛ መናገር ነበረብኝ። ያ ግቢው በር ላይ ያማረረው አባት ከፊት ተቀምጧል። መሐል ላይ “ትዕግሥት” የሚለው ቃል ጠፋኝ። ቆምኩ። “ቃሉ ጠፋኝ፤ ልጅ ሲያስቸግር ወላጅ የሚያስፈልገው ነገር ምን ይባላል?” ብዬ ጠየቅኩ። አንዲት አሮጊት “አለንጋ” አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ትክክለኛውን ቃል ያቀበለኝ ያ ከፊት የተቀመጠው አባት ነው።

ሲበተን አንዲት ሴት ላላ ያለ ሻሿን እያስተካከለች ጠበቀችኝ። የሎኮ እናት ነኝ አለችኝ። ያወራችኝ ሁሉ በኦሮምኛ ነው፤ አስተርጓሚ አልፈለግኩም።

“ትናንት ሎኮ ጮጮውን ከነወተቱ ደፋችው” አለችኝ። “የማታውን ወተት በሙሉ። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ስታደርግ በረት ገብታ ትደበቃለች፤ ጎትቼ ነው የማወጣት። ትናንት ግን ቆማ የፈሰሰውን አየችው። ከዚያ ‘ረኮ ህንቀቡ’ አለችና ጨርቅ ልታመጣ ሄደች።”

ረኮ ህንቀቡ ማለት ችግር የለውም ማለት ነው።

“ለእኔ አይደለም ያለችው” አለች እናትየዋ። “ለራሷ ነው። ይሄን ማን አስተማረሽ አልኳት። መምህሬ አለችኝ። ለእናንተ እንዲህ ትላችኋለች? ብላት፣ ‘የለም፤ ለራሷ ነው የምትለው። ስትሳሳት ወደ ሰሌዳው ዞራ፣ ቀስ ብላ ትላለች’ አለችኝ።”

ድምፄን አውጥቼ የምለው አይመስለኝም ነበር።